የአገሬን ስም ልቦለድ ውስጥ ሳገኝ እጮኻለሁ፤ ልጅነት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጅጋ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር መጽሐፍ እየተዋስን እናነባለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይዘን እንወያይበታለን። ሰሞኑን አንድ አጭር ልቦለድ ስናነብ ደምበጫ የሚል ስም አየሁና ሳላስበው ጮኽኩ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ተምጫ ወንዝ ሲጠራ ደግሞ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱ ጓደኛችን፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ «አንቺ የምታነቢው ካርታ ነው እንዴ? ጎበዝ አንባቢ ሰውን እንጂ ቦታን አያይም» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ። ይባስ ብሎ እዚያው ታሪክ ውስጥ ደራሲው ከደምበጫ የተነሣውን አውቶቡስ በቡሬ በኩል አሳልፎ ፍኖተ ሰላም አስገባው። ያኔ ንድድ አለኝ፤ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ እስካሁን አልተመለስኩበትም። አሁን ተራው የፍቅር እስከ መቃብር ነው። አባቴ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ልቦለዱ ወደሚጠራቸው ወደ ማንኩሳና ወደ ዲማ ይዣቸው ብሄድ ብዬ አስባለሁ። ደስታዬ ልጅነት ነው? ስህተቱንስ እንዴት ልለፈው? አባቴን ይዤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የጅጋዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔም ያደግኩት ቢቸና ነው። ዲማ ሲጠራ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝና ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትቀየሚኝ።

ከጓደኛሽ ልጀምር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው ብለሻል። እንግዲያው የሚያውቀውን ቦታ ልቦለድ ውስጥ ማግኘት ለእሱ ብርቅ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበባቸው ልቦለዶች ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ መርካቶን እየጠሩለት አድጓል። ባለታሪኩ በቸርቸር ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ልጁ አስፋልቱን ያየዋል፤ ዳገቱ ለጉልበት ምን እንደሚል ያውቃል። አንቺ የተሰማሽን ደስታ እሱም ያገኘዋል። ሁልጊዜ ስለሚያገኘው ግን አይታወቀውም። አየር ስንስብ ለማን ይታወቀናል?

ጎጃም ያደግን ልጆች የመጣነው በሌላ በኩል ነው። ፒያሳን ከማየታችን በፊት አንብበነዋል። ገና አውቶቡስ ተራ ሳንወርድ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ስም በቃላችን እንወጣው ነበር። ከወረድን በኋላ ከተማውን ያየነው ካነበብነው ጋር እያስተያየን ነው። መጽሐፉ ይቀድማል፤ ቦታው ይከተላል። ደምበጫን ስታገኚ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቦታው ቀድሞ ገብቶሻል። ገበያውን፣ ጭቃውን፣ መናኸሪያውን፣ የሰዉን አነጋገር ታውቂዋለሽ። ከዚያ አንድ የማታውቂው ሰው ያንን ቦታ ሊጻፍበት ይገባል ብሎ አሰበ፤ ጽፎም ለማያውቁት ሁሉ ነገረልሽ። አገርሽ ሲነገርለት መጮኽ ምኑ ያሳፍራል? ጩኺ እንጂ!

«ጎበዝ አንባቢ ሰውን እንጂ ቦታን አያይም» ያለውን ግን አልቀበለውም። ሰው አየር ላይ አይቆምም። ደግሞም ቦታን የሚያውቅ አንባቢ ደራሲው ያልጻፈውን ሁሉ ያነባል።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። አንድ ልቦለድ ውስጥ «ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ገባ» የሚል አለ እንበል። አራት ቃል ነው። በዚያ አልፎ የማያውቅ ሰው ወንዝ ነበረ፣ ተሻገረው፣ ብሎ ያልፋል። አንቺ ግን እዚያ ላይ ትቆሚያለሽ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ይሰማሻል። ጆሮሽ ይደፈናል። ጠዋት በብርድ የለበስሽውን ሹራብ ታወልቂያለሽ። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ለሚያስመልሰው ልጇ ሎሚ ታሸታለች። የፍሬኑ ሽታ ይመጣል። ሙቀቱ እየባሰ እየባሰ ሄዶ ድልድዩ ጋ ስትደርሺ መስኮቱ ቢከፈትም የሚገባው ወበቅ ነው። አሮጌው ድልድይ ከጎን ይታያል፤ መኪናው የሚያልፈው በጃፓን ርዳታ በተሠራው በአዲሱ ነው። ከዚያ እንደገና ዳገት። ጎሐ ጽዮንና ደጀን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚራራቁት፤ ግን አንዱ ደጋ ተነሥተሽ በረሃ ወርደሽ ሌላው ደጋ ላይ ትወጫለሽ። ደጀን ስትገቢ ያወለቅሽውን ሹራብ መልሰሽ ትፈልጊዋለሽ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ዝም ብሎ የነበረ ሰው ሁሉ ወሬ ይጀምራል፤ ከአገሩ ገብቷላ።

ይህን ሁሉ ደራሲው አልጻፈም። ያነበብሽው ግን አንቺ ነሽ። ታሪኩ ድሮ የሆነ ከሆነማ ይብሳል። ድልድይና መኪና ባልነበረበት ጊዜ ያን ገደል በእግር ወርዶ በእግር መውጣት ነው። ክረምት ገብቶ ዓባይ ከሞላ ደግሞ መሻገር የለም። አንድ ባለታሪክ ሐምሌ ላይ ከሸዋ ወደ ጎጃም ሊመጣ ተነሣ ሲባል፣ አንቺ ገና ከደራሲው በፊት «ኧረ ወንዙ!» ትያለሽ። ይህ ካርታ ማንበብ አይደለም። ለባለታሪኩ መስጋት ነው።

ያም ሆኖ ጓደኛሽ የተናገረው ውስጥ ልትወስጂው የሚገባ ነገር አለ። የቦታ ስም መጥራት ቀላል ነው። ማንም ሰው ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም እያለ መደርደር ይችላል። እኛም የአገራችንን ስም ስለናፈቅን ብቻ ደካማ ጽሑፍ ልንወድ እንችላለን። ይህን በብዙ የአገር ልጆች አይቻለሁ፤ ስሙ ካለበት መጽሐፉን ያሞግሱታል፣ ሰዎቹ በድን ቢሆኑም። ስለዚህ ከጩኸቱ በኋላ ረጋ ብለሽ አንድ ነገር ጠይቂ። ቦታው እዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ሠራ? ደምበጫ የሚለውን አውጥተሽ ሌላ ከተማ ብታስገቢበት ምንም የማይጎድል ከሆነ ስሙ ለጌጥ ነው የገባው። የሚጎድል ከሆነ ግን ያ ጉድለት ምን እንደሆነ ለጓደኞችሽ መንገር የአንቺ ድርሻ ነው። ካንቺ ሌላ ማን ይነግራቸዋል?

በሚቀጥለው መጽሐፋችሁ ላይ ይህን የምታደርጊበት ጥሩ አጋጣሚ አለሽ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው በፍቅሩ ነው። የበዛብህ ትውልድ አገር ማንኩሳ፣ ሰብለ ወንጌልን የሚያገኝበት ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ መሆኑን ብዙ አንባቢ እንደ ሁለት የጎረቤት ሰፈር ስም ያልፈዋል። አንቺ ግን ማንኩሳ የት እንዳለች ታውቂያለሽ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄጂ መንገድሽ ላይ ናት። ዲማ ያለው ወዲያ፣ በእኛ በኩል፣ በቢቸና አጠገብ ነው። አንዱ ምዕራብ ጎጃም፣ አንዱ ምሥራቅ ጎጃም፤ መሀላቸው የጮቄ ተራራ። ዛሬ በመኪና ብትሄጂ ፍኖተ ሰላምን፣ ጅጋን፣ ደምበጫን፣ አማኑኤልን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ሉማሜን አልፈሽ፣ ደጀን ላይ ታጥፈሽ ነው ቢቸና የምትደርሽው።

አሁን ይህን ይዘሽ በዛብህን እይው። በዘመኑ መንገዱ በእግር ነው። ልጁ ዲማ ላይ ዘመድ የለውም፤ ከዘመድ የሚያገናኘውም የቀን መንገድ አይደለም። ያለው ትምህርቱ ብቻ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጅ ሊያስተምር ሲገባ ደግፎ የሚቆምለት ወገን እዚያ አገር የለም። ጉዱ ካሣ ሲያቀርበው ያ ቅርበት ለምን እንደዚያ እንደሚሞቅ የሚገባሽ ርቀቱን ስታውቂ ነው። ቅዳሜ ይህን ንገሪያቸው። ወረቀት ላይ መስመር አስምረሽ ማንኩሳንና ዲማን አሳያቸው። ካርታ ታነቢያለሽ ያለሽ ልጅ እሱ ራሱ ወረቀቱን ወደራሱ ይስበዋል ብዬ አምናለሁ።

ደራሲው ይህን አገር በወሬ አይደለም የሚያውቀው። የተወለዱት ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተማሩባቸው ቦታዎች ውስጥ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ራሱ ዲማ ይገኛሉ። በዛብህ በተማሪነት የቆመበት መሬት ላይ እሳቸውም ቆመውበታል። ስለዚህ ነው ያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታው ለጌጥ ያልሆነው።

ወደ ቡሬው አውቶቡስ ልምጣ። መናደድሽ ይገባኛል። ከደምበጫ ተነሥቶ ጅጋን አልፎ ነው ፍኖተ ሰላም የሚገባው፤ ቡሬ ከዚያ ወዲያ ናት። የጅጋ ልጅ ሆነሽ ጅጋን ዘለው ቡሬን ሲያሳልፉብሽ ዝም ብትይ ነበር የሚገርመኝ። ግን መጽሐፉን መዝጋትሽ አልጣመኝም።

ደራሲ እውነተኛ ቦታ ላይ ያልነበረ ቤት መሥራት ይችላል። ያልነበረ ፊታውራሪ ሊሾም፣ ያልነበረች ልጅ ሊያሳድግ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከጉብታው ወደ ሜዳው ሊያወርድ ይችላል። ይህ ሥራው ነው። ማንም የዲማ ሰው ሰብለ ወንጌል የምትባል የፊታውራሪ ልጅ አልነበረችም ብሎ አይከስም። መንገድንም ቢሆን ምክንያት ካለው ያጣምማል። ያንቺ ባለታሪክ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ላይ ነቅቶ፣ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ትዕይንት ይወጣው ነበር። ያለ ምንም ምክንያት ከሆነ ግን ደራሲው አልጠየቀም ማለት ነው። አንድ የጅጋ ወይም የቡሬ ሰው ስልክ ደውሎ ቢጠይቅ በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነበር። ይህን ለመጻፍ ያሰበ ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል፤ የአገሩ ሰው ቅር የሚለው ስሙ ስለተነሣበት አይደለም፣ ሳይጠየቅ ስለቀረ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «መንገዱ እንዲህ አይደለም» ብለሽ ጻፊና ቀጥይ። ከዚያ ሰዎቹን እያቸው። መናኸሪያ ላይ ልጇን የምትሸኝ እናት ካለች እንደ ደምበጫ እናት ነው የምትናገረው? ስንቁን እንዴት ነው የምታስረው? ሲሳሳሙ፣ ሲመራረቁ እውነት ይመስላል? መንገዱን የሳተ ደራሲ እናትየዋን አግኝቷት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መዝጋትሽ ይቆጭሻል። እናትየዋንም ስቷት ከሆነ ያኔ ያለ ጸጸት ዝጊው። የደራሲው አድራሻ ከተገኘ ደግሞ በትሕትና ጻፊለት። መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ሊያርመው ይችላል።

አባትሽ ጋ ስደርስ ልቤ ደስ ይለዋል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ምክሬ። መጀመሪያ ጉዞውን ተይው። መጀመሪያ አንብቢላቸው።

ለዓመት በዓል ጅጋ ስትሄጂ መጽሐፉን ያዥ። ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይህ መጽሐፍ በጆሮ የተወደደ መጽሐፍ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰምቶታል። አባትሽም ያኔ ሰምተውት ይሆናል፤ ጠይቂያቸው። ሬዲዮ ላይ ማንኩሳ ሲባል፣ ዲማ ሲባል፣ ሰዉ ምን አለ? ማን ቤት ተሰብስበው ሰሙት? ይህን የሚነግርሽ መጽሐፍ የለም።

አባትሽ ከቦታው ስም ይልቅ የሚያውቁት ኑሮውን ነው። በዛብህ የኖረውን የተማሪ ኑሮ ኖረውታል። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ለምነዋል። ውሻ አሯሩጧቸዋል። የቆሎ ተማሪና የመንደር ውሻ እንዴት እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ዋሸራ ነው የተማሩት? ጎንጅ? ወይስ እዚያው ዲማ? ቅኔ ዘርፈው መምህራቸው «ይበል!» ያሉበት ቀን አለ? አንብበሽ ስትጨርሽ ዝም በይ። «አባዬ፣ ትክክል ነው?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ ፈተና ይመስላቸዋል። እሳቸው ራሳቸው «አይ፣ እንዲህማ አይደለም» ወይም «እውነቱን ነው» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስልክሽን አውጥተሽ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ቅጂው።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በይ። ትልልቅ ሰዎች ቦታ የሚጠሩት በዱሮው ስም ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስን መንቆረር የሚሉ አዛውንቶች ነበሩ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ከተከሉ በኋላ ነው ከተማው በታቦቱ የተጠራው። የድሮ ዘመን ልቦለድ ስታነቢ የማታውቂው ስም ከገጠመሽ ወዲያው «ይህን አገር አላውቀውም» ብለሽ አትለፊ። አባትሽን ጠይቂ። ስንት ጊዜ ያለፍሽበት ቦታ ሆኖ ታገኚው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ጉዞው። አባትሽ አቅም ካላቸውና መንገዱ ሰላም ከሆነ ሂዱ። ቀድመሽ በአካባቢው ያሉ ሰዎችን ጠይቂ፤ መንገዱን ሳታረጋግጪ ሽማግሌ ይዘሽ አትውጪ። ማንኩሳ ለእናንተ ቅርብ ናት፤ ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። ዲማ ግን ማደሪያ ይፈልጋል፤ ቢቸና እደሩ። ከደጀን ወደ ቢቸና ስትታጠፉ አባትሽን በግራ በኩል በመስኮት አጠገብ አስቀምጫቸው፤ ሰማዩ ከጠራ ጮቄ በዚያ በኩል ነው።

ዲማ ስትደርሱ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት አትፈልጊ። የለም፤ ደራሲው አእምሮ ውስጥ ነው የተሠራው። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ የልቦለድ መታያ አይደለም፤ ዛሬም የሚጸለይበት ገዳም ነው። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ግቢ። ከአባቶቹ አንዱን ካገኘሽ ስለ በዛብህ አትጀምሪ። አባትሽ ይጀምሩ። መምህራቸው ማን እንደነበሩ፣ ከየት ወንበር እንደወጡ ይናገሩ፤ ጨዋታው በዚያ ከተከፈተ አንቺ የምትጠይቂው አይኖርም፤ መስማት ብቻ ነው። መጽሐፉን ከቦርሳሽ የምታወጪው ማታ ቢቸና ማደሪያችሁ ስትገቡ ነው። ዲማ የሚጠራበትን ምዕራፍ ፈልገሽ ለአባትሽ እንደገና አንብቢላቸው፤ ያኔ ሁለታችሁም የምትሰሙት ሌላ ይሆናል።

ስትመለሺ ጻፊልኝ። አባትሽ የት እንደተማሩ፣ ያ ውሻ የማን ቤት ውሻ እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።